በፍሬን አይሰሰትም

ኮሎራዶ ውስጥ ፒክአፕ ገዝቶ፣ ተሳቢ ቀጥሎ፣ ከጨረታ ግቢ መኪና የሚያመላልስ ሐበሻ በዝቷል። ሠርቶ መብላት ነውና ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለፒክአፑ የዓመታት ዕዳ የገባ፣ ለጎማና ለቸርኬ ብር ሲመዝ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው፣ የተሳቢውን ፍሬን የሚያዘው ኮንትሮለር ላይ ሲደርስ "ርካሹን አምጣ፣ ያው ነው" ይላል። ያው አይደለም! ሻጩ ያው ነው ካላችሁ ወይ ዋሽቷችኋል ወይ የሚሸጠውን አያውቅም።

ርካሹ ኮንትሮለር የሚሠራው በጊዜ ነው። የሚያውቀው ፔዳሉ መነካቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ በተሞላለት ልክ ኤሌክትሪኩን እየጨመረ ወደ ተሳቢው ይልካል። ቀይ መብራት ከሩቅ አይታችሁ በቀስታ ብትረግጡም፣ ሕፃን ኳስ ተከትሎ መንገድ ገብቶ ባላችሁ ጉልበት ብትረግጡም ለእሱ አንድ ነው። ፕሮፖርሽናል የሚባለው ግን መኪናው ምን ያህል በድንገት እንደያዘ በውስጡ ባለው መለኪያ ያነብና ለተሳቢው የዚያኑ ያህል ይሰጠዋል። በቀስታ ስትይዙ በቀስታ፣ በኃይል ስትይዙ በኃይል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከተማ ውስጥ ነው። የጊዜውን ዓይነት ያስገጠመ ሹፌር በአውሮራ መጨናነቅ ውስጥ ሲንፏቀቅ፣ ፔዳሉን በነካ ቁጥር ተሳቢው ከኋላ ይጎትተዋል። ሲሰለቸው ኃይሉን ዝቅ ያደርገዋል። ተመቸው፣ ለሰለሰለት። በነጋታው በዚያው ልክ አይ-70ን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወስደው ቁልቁለት 7 በመቶ ገደማ ያዘቀዝቃል። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ላይ አንድ ካምሪ ከጫናችሁ ከኋላችሁ ከ5,000 ፓውንድ በላይ አለ። ከፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ለተሳቢው የሚደርሰው ከተማ ውስጥ ለምቾት ዝቅ የተደረገው ኃይል ነው። የቀረውን ሁሉ የፒክአፑ ፍሬን ብቻውን ይሸከማል። ሲግል ደግሞ ይከዳል።

በሚያዝያ 2019 እዚሁ አይ-70 ላይ፣ ሌክውድ፣ ፍሬን አልያዝልህ ያለው ከባድ መኪና በቆሙ መኪኖች ላይ ወጥቶ 4 ሰዎች ሞተዋል። ያ በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ነበር፤ መሣሪያው ከእኛ ይለያል። መንገዱ ግን ያው ነው፣ ከፊት የቆሙትም ያው ሰዎች ናቸው።

ለርካሹ የሚከራከሩ "እንደፈለጉ አጋድመው ይገጥሙታል፣ ማስተካከል አያስፈልገውም" ይላሉ። ዱሮ ልክ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ፕሮፖርሽናሎች ሳያዘነብሉ ቀጥ ብለው ካልተገጠሙ ልኩን ይስታሉ። ዛሬ እንደ ቴኮንሻ ፒ3 ያለው ራሱን ያስተካክላል፤ ብቻ ወደ መኪናው አቅጣጫ ቀጥ ይበል። ፎርድ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በሱፐር ዱቲ ላይ ከፋብሪካው ገጥሞ ያወጣል። አዲስ መኪና የምታዝዙ ከሆነ ይህንን ሳታስጨምሩ አትፈርሙ። በስልክ የሚታዘዘውን ግን አልወደውም፣ ፕሮፖርሽናል ቢሆንም። ተሳቢው እንደ እባብ መወራጨት ሲጀምር መድኃኒቱ የፒክአፑን ፔዳል ሳይነኩ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ቀስ አድርጎ መያዝ ነው። ለዚህ የምታገለግለው የኮንትሮለሩ የእጅ መያዣ እጃችሁ በጨለማም የሚያገኛት መሆን አለባት። በዚያች ሰከንድ ማን ስልክ ይከፍታል?

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ የገጣሚው ነው። የአክስቴ ልጅ "ኮንትሮለር ገጥመናል" ብሎ ሙሉ ሒሳብ የተቀበለው ጋራዥ ጋ መኪናውን ትቶ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ መሪው ሥር ያለችው መብራት ቦግ ትላለች፤ ተሳቢው ግን አይይዝም። የኋላውን ባለ ሰባት እግር መሰኪያ ስንፈታው ኤሌክትሪኩን ወደ ፍሬኑ የሚወስደው ሰማያዊ ሽቦ ተቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ አንድ ሰው እጁ ላይ ይዞ፣ እያየ፣ ጠቅልሎ የተወው ነው። ተሳቢው ከመኪናው ቢበጠስ ፍሬኑን የሚያስይዘው ባትሪም ደርቋል። የፌዴራሉ ደንብ በንግድ ሥራ ላይ ያለ ተሳቢ ቢበጠስ ፍሬኑ በራሱ ይዞ ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። ያኛው 15 ሰከንድም አይቆይ ነበር።

ሽቦውንም ተመልከቱ። በየጎማው ያለው ማግኔት ሙሉ ኃይል ሲሰጠው 3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 4 ጎማ ሲሆን 12 አምፔር ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን የሚያንጠለጥል ሰው ሙያተኛ አይባል።

ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ገጣሚውን አጠገባችሁ አስቀምጡት። የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ ደረቅና ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 25 ማይል ሂዱ፤ የፒክአፑን ፔዳል ሳትነኩ መያዣውን እስከ መጨረሻው ግፉ። የተሳቢው ጎማ ተቆልፎ እስኪንሸራተት ኃይሉን ጨምሩ፤ ከዚያ ጥቂት ቀንሱለት። ልኩ እዚያ ነው። ጭነቱ ሲቀየር እንደገና ይለካል። "ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ራስህ መንገድ ላይ ሞክረው" ካላችሁ ሒሳቡን አትክፈሉት።