«ኦርጅናል ኢንቴል ነው» ሲሏችሁ «ስንተኛ ጄኔሬሽን?» በሉ

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ላፕቶፕ ሊገዛ ከአቀስታ ደሴ ወረደ። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ ብሩ ደግሞ አጎቴ በግ እየሸጠ ያጠራቀመው ነው። ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት፦ አንዱ ኢንቴል ኮር አይ7፣ ሌላው ኤኤምዲ ራይዘን 5 3500ዩ። ራይዘኑ በ3 ሺህ ብር ይረክሳል። «ኤኤምዲ እኮ የኢንቴል ኮፒ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ያስቸግርሃል፤ ኦርጅናሉን ውሰድ» አለው። ልጁም ኦርጅናሉን ይዞ መጣ።

ጥቅምት ላይ ዊንዶውስ 11 ልጭንለት ስሞክር «ፕሮሰሰሩ አይደገፍም» ብሎ ቁጭ አለ። አይ7 የተባለው 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ያ የተናቀው ራይዘን ግን ከሚደገፉት ዝርዝር ውስጥ አለ።

«ኮፒ» የሚለው ስም ዝም ብሎ አልመጣም። አይቢኤም የመጀመሪያ የግል ኮምፒውተሮቹን (ፒሲ) ሲሠራ ቺፕ በአንድ አምራች ላይ ብቻ ጥገኛ እንዲሆን አልፈለገም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 ኤኤምዲ የኢንቴልን ዲዛይን በስምምነት ማምረት ጀመረ። በኋላ ኢንቴል 386ን አልሰጥም አለ፣ ፍርድ ቤት ተካሰሱ፣ ኤኤምዲም በ1991 የራሱን 386 አወጣ። ሳይሪክስ የሚባልም ነበር። እነዚህ ናቸው እንግዲህ «ክሎን» የተባሉት።

ክሎን ማለት ግን ገበያ ላይ እንደምናውቀው ኮፒ ጫማ አይደለም። ዊንዶውስ ፕሮሰሰሩን የሚያዝዝበት የታወቀ የትእዛዝ ቋንቋ አለ። ውስጡ እንዴትም ይሠራ፣ ያንን ቋንቋ በትክክል ከተረዳ ሲስተሙ ይነሳል። ፕሮሰሰር ማንነቱን ሲጠየቅ በ12 የላቲን ፊደላት ይመልሳል፦ ኢንቴል «ጄኒዩን ኢንቴል»፣ ኤኤምዲ «ኦተንቲክ ኤኤምዲ» ይላል። ሳይሪክስ ደግሞ «ሳይሪክስ ኢንስቴድ»፣ ማለትም «በምትኩ ሳይሪክስ»፣ ይል ነበር። (ይቺን ቀልድ ያሰበው ሰው ደሞዝ ይጨመርለት!)

ችግር አልነበረም እያልኩ አይደለም። ዊንዶውስ ኤንቲ 4 በአንዳንድ የሳይሪክስ ቺፖች ላይ የካሽ ሚሞሪውን አሠራር ይገድበው ነበር፤ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ዊንዶውስ 95 ደግሞ 350 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ በሆነ ኤኤምዲ ኬ6-2 ላይ ሲነሳ ስህተት እያሳየ ይቆም ነበር። ምክንያቱ ግን ያስቃል፤ ዊንዶውስ ጊዜ የሚለካባትን አንዲት ዙር ቺፑ ከሚጠበቀው በላይ ቶሎ ይጨርሳታል። ክሎኑ አቅቶት ሳይሆን ፈጥኖ ነው። ማይክሮሶፍትም ማስተካከያ አወጣ። «ኤኤምዲ ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል» የሚለው ወሬ የእነዚያ ዓመታት ትርፍራፊ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኤምዲ ያንን ቋንቋ ወደ 64 ቢት አሳደገው፤ በዓመቱ ኢንቴል ራሱ ተከተለ። ዛሬ እያንዳንዱ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ላፕቶፕ የሚናገረው «ኮፒው» የጻፈውን ሰዋስው ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውን አስጠንተውናል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ ይሸጣል፣ ጥሩው ከገበያ ይወጣል። አሜሪካኖች መጥፎውን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። እኛ ሎሚ ለጥምቀት ለወደድናት የምንወረውር ሰዎች ነን፣ ስሙ አይገጥመንም፤ ገበያው ግን ቁርጥ የኛ ነው። የደሴው ሻጭ ሆን ብሎ ዋሽቷል አልልም፣ ምናልባት እሱም የሰማውን ነው የደገመው። አጎቴ ግን 3 ሺህ ብር ጨምሮ የባሰውን ገዛ። ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም «ኮር አይ7» ብለው ብቻ ሲጽፉ ያው ጥፋት ነው፤ የ2ኛ ጄኔሬሽን አይ7 እኮ የ2011 ዕቃ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን አንብቡ። አይ5-6300ዩ ከሆነ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለችው 6 ጄኔሬሽኑ ናት፤ 10210ዩ ከሆነ 10ኛ ነው። ተለጣፊውን አትመኑ፣ ማሽኑን አስነስታችሁ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ እዩ። ኤኤምዲም ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ እነ ኤ6 በነጻ ቢሰጧችሁም አስቡበት።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ለተመዘገበ ግለሰብ የደህንነት ማሻሻያው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክቶ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያገኘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። «ባይፓስ አድርገን 11 እንጭናለን» የሚሉ አሉ፤ ይሠራል፣ ማይክሮሶፍት ግን ለዚያ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም።

እኛ የመረጥነው ኡቡንቱ 24.04ን ነው፤ እስከ 2029 ድረስ ማሻሻያ አለው። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ የአቀስታ ዳታ አልገፋውም፣ ደሴ ዋይፋይ ያለበት ጓደኛዬ ቤት አውርጄ በፍላሽ አመጣሁት። ልጁ ፍላሹን ከፍቶ የፋይሉን ስም ሲያነብ መጨረሻው ላይ «ኤኤምዲ64» የሚል አየና «ተሳስተሃል፣ የኔ እኮ ኢንቴል ነው» አለኝ።