ስለ ግቢ በር፤ እንጨት ይሻላልን ወይስ ብረት?

በኮልፌ ቀራንዮ አጥራቸውን የጨረሱ ሰዎች ለግቢያቸው በር ከእንጨትና ከብረት የትኛው እንዲሻል ይጠይቁናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በር የሚሠራው ገንዘብ ሊያልቅ ሲል ስለ ሆነ፣ ከተበላሸ ሁለተኛ ማሠሪያ አይገኝም።

እንጨት ቶሎ ይበሰብሳል የሚለውን አነጋገር ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። በላስታ የሚገኘው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከድንጋይና ከእንጨት ተነባብሮ እንደ ተሠራ ይነገራል፤ እንጨቱ ዛሬም አለ። ይኸውም በዋሻ ውስጥ የቆመ በመሆኑ ዝናብም ፀሐይም ስለማያገኘው ነው። እንግዲህ እንጨትን የሚጎዳው ዕድሜው ሳይሆን የእርጥበትና የድርቀት መፈራረቅ ነው። ከበሩ በላይ ክዳን ካልተበጀለት ጥድም ቢሆን በክረምት አብጦ ከመቃኑ አልላቀቅ ይላል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍማ ይጣመማል።

ብረትም ቢሆን ይዝጋል። ዝገቱ የሚጀምረው ከታች፣ ጭቃ ከሚረጨው በኩልና በያጁ ሳይቀባ ካለፈው የብየዳ መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ በሩን ከመሬት ከፍ አስደርጉ፤ ብየዳው ተሞርዶ ፀረ ዝገት ቀለም ሳይቀባም ሒሳቡን አትጨርሱ። ስስ ላሜራ ከሩቅ ያምራል እንጂ በእጅ ሲገፉት ይጎብጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋን ግን ተንሸራታቹ በር ነው፤ ከላይ መያዣ፣ በሐዲዱም ጫፍ ማቆሚያ ከሌለው ወድቆ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

እንደ እኛ አስተያየት፣ ክዳን ማበጀት የማይችል ሰው ለግቢው ብረት ያሠራ፤ በጣራው ጥላ ሥር ላለው ለቤቱ መዝጊያ ግን ዋንዛ ቢያገኝ ይምረጥ። በብረቱም ላይ ትንሽ መስኮት ያስወጣ፤ ያለዚያ የሚያንኳኳው እንግዳ ይሁን ነዳይ ሳይታወቅ ደጅ ቆሞ ይውላል።