አዳራሹ ወይስ ስልኩ?

የሙግቱ ጥያቄ፦ አዲስ የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ቢወጣ ይበጃል? አንድ ፕሮዲዩሰርና አንዲት የፊልም ኤዲተር ይሟገታሉ።

ይበጃል (ፕሮዲዩሰሩ)

ለፊልም ገንዘብ ያበደረኝ ሰው «መቼ ትመልሳለህ?» ይለኛል እንጂ «ስንት ሰው አጨበጨበልህ?» ብሎኝ አያውቅም። ላለፈው ፊልሜ አንድ ሲኒማ ቤት የሰጠኝ ማክሰኞና ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፤ ሠራተኛው ቢሮ፣ ተማሪው ክፍል ባለበት ሰዓት። አንድ ቀን ትኬት ቆራጩን ስጠይቀው 11 ሰው ገብቷል አለኝ። ግብሩና የቤቱ ድርሻ ተነሥቶ የቀረኝ ገንዘብ የፖስተሩን ማሳተሚያ እንኳ አልሸፈነም።

ሲኒማ ቤት ስንል ደግሞ የምናወራው ስለ አዲስ አበባና ስለ ጥቂት ከተሞች ነው። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን አዲስ አበባ አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ሊሰለፉ አይችሉም። ዩቲዩብ ላይ ግን ሁለቱም በወጣበት ሌሊት ያዩታል። ለኪስም ይሻላል፦ የማስታወቂያው ክፍያ እንደ ተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ አሜሪካ ሆኖ ያየ ሰው እዚህ ሆኖ ካየው የተሻለ ያስገኛል። ቻናልህ 1,000 ሰብስክራይበርና በዓመት 4,000 የዕይታ ሰዓት ከሞላ ከማስታወቂያው ለመካፈል ታመለክታለህ። ለተመቸ የሲኒማ ሰዓት የማንንም ደጅ አትጠናም።

ይህ መንገድ በእኔ አልተጀመረም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ሲነሱት፣ ፊልሙን ራሱ ይዞ ወጥቶ ከተማ ለከተማ አሳየው። ዛሬ ቢሆን ዩቲዩብ ላይ ይጭነው ነበር።

አይበጅም (ኤዲተሯ)

ወንድሜ ምሳሌውን እኩሌታው ላይ ቆረጥከው። ኃይሌ አከፋፋዮቹን ዘለለ እንጂ አዳራሹን አልዘለለም። ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ነው ሰው የሰበሰበው፤ ያየው ላላየው እየነገረ ፊልሙ ለሳምንታት ታየ። በፊልሙ ስም የተጠራው የመጻሕፍት መደብርና ካፌም ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ተከፈተ።

ስለ ሙያዬ ልናገር። የቆረጥኩት ፊልም ሲታይ መጨረሻው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ቀልድ አዳራሹን አናወጠችው፤ ተከትላ የመጣችውን፣ የታሪኩ ቁልፍ የሆነችውን ንግግር ግን ሳቁ ዋጣት። ማንም አልሰማትም። በማግሥቱ ተዋናይዋ ዝም ብላ ሻይ የምትቀዳበትንና ቀደም ሲል ያወጣሁትን ሁለት ሰከንድ መልሼ አስገባሁ። ፊልሙ በድጋሚ ሲታይ ሕዝቡ ስቆ ጨረሰ፣ ሻዩ ተቀዳ፣ ቃሉም ተሰማ።

ለዩቲዩብ ስቆርጥ የምሰማው ትእዛዝ ሌላ ነው፦ «ዝምታውን አውጪው፣ ሰው ይወጣብናል።» ከሩቅ እንዲሰማ ያስገባሁት ከበሮ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም። ሰፊው ሜዳ ስክሪኑ ላይ ጣት አክሎ ስለሚታይ ካሜራው ከፊት ላይ አይነሣም። ይባስ ብሎ እናት የልጇን መርዶ ልትሰማ ስትል የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል።

የፕሮዲዩሰሩ መልስ

እህቴ፣ ማስታወቂያው የሚገባበትን ቦታ እኮ ራሳችን መምረጥ እንችላለን። መርዶው ላይ ከገባ ጥፋቱ የእኛ ስንፍና ነው። ሰውም ቢሆን በዩቲዩብ ግራፍ ይታየኛል፤ ግራፉ በስንተኛው ደቂቃ ጥሎኝ እንደ ሄደ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። አዳራሹንም አታመጻድቂው። ስንት ጊዜ «የሚያስቅ ከሌለህ አታምጣ» ተብዬ ተመልሻለሁ! ያንቺ ሁለት ሰከንድ የሠራችው ወንበሩ ሞልቶ ስለ ነበር ነው። በእኔ 11 ተመልካች ምን ሳቅ ይለካል?

የኤዲተሯ መዝጊያ

ስለ ማስታወቂያው ረትተኸኛል። ቤይሩት ያለችው እህታችንም ፊልሙን ትየው፤ እኔ የምሟገተው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በአዳራሽ የታየ ፊልም ከወራት በኋላ ስልክ ላይ ይወጣል። ስልክ ላይ በነጻ ላየው ፊልም ግን ትኬት የሚቆርጥ ብዙ ሰው አላውቅም።

ግራፉ ሰው መቼ እንደ ሄደ ይነግርሃል። ሰልችቶት ይሁን፣ አልቅሶ ይሁን፣ ወጥ እያረረበት ይሁን አይነግርህም። ስለ 11ዱም ያወቅከው ከትኬት ቆራጩ ነው። ገብተህ አብረሃቸው ተቀምጠህ ቢሆን ኖሮ፣ የትኛው ቦታ ላይ ትንፋሻቸውን እንደ ዋጡ ዛሬ ትነግረኝ ነበር።