ካርዷን ማን ነው የጣላት?

እስቲ አንድ ጥያቄ። ኮምፒውተር ላይ እየሠራችሁ መብራት ድርግም ይላል። ሲመለስ ማሽኑን ትከፍቱታላችሁ፤ እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፣ ፎልደሮቻችሁም በየቦታቸው ናቸው። ማንን አመሰገናችሁ? ጀነሬተሩን እንዳትሉን ብቻ!

ምስጋናው የሚገባው ጆርናል ለሚባል ነገር ነው። ሥራው ከዕድር ጸሐፊ ሥራ ብዙም አይርቅም። ጎበዝ ጸሐፊ ትልቁን መዝገብ ከመንካቱ በፊት የዕለቱን ገቢና ወጪ በረቂቅ ወረቀት ላይ ያሰፍርና «ይህ ሁሉ አንድ ጉዳይ ነው» ብሎ ይፈርምበታል። ወደ መዝገቡ የሚገለብጠው ከዚያ በኋላ ነው። መሃል ላይ ቢጠሩትም ችግር የለም፤ ሲመለስ የፈረመበትን ይጨርሳል፣ ያልፈረመበትን ይጥላል። ኤክስት3 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሐሳቡን ስቲቨን ትዊዲ በ1998 በጽሑፍ አቀረበው፤ በ2001 ዋናው ከርነል ውስጥ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ባንድ ላይ የሚፈረምበት ጥቅል ትራንዛክሽን ይባላል፤ በተለመደው አሠራር በየ5 ሴኮንዱ ይፈረማል። በነገራችን ላይ፣ በዚሁ አሠራር ጆርናሉ የሚጠብቀው የፋይሎቹን አድራሻና አደረጃጀት እንጂ የጻፋችሁትን ፊደል አይደለም። ሴቭ ያላደረጋችሁትን የመመረቂያ ጽሑፍ ከእሱ አትጠብቁ።

«ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ሊኑክስ ምን አገባኝ?» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ከ2010 መጨረሻ ወዲህ የኤክስት3ን ተከታይ ኤክስት4ን ይዘው የወጡ ስልኮች ብዙ ናቸው።

ታዲያ ጣጣው የት አለ? እዚህ ቤት ጸሐፊው አንድ አይደለም፤ ብዙ ሠራተኞች ባንዴ ይሯሯጣሉ። አንድ የዲስክ ገጽ ትራንዛክሽን ውስጥ ሲገባ «የማን ነኝ፣ የትኛው ዝርዝር ላይ ነኝ» የምትል ትንሽ ካርድ ትለጠፍበታለች። ሁለት ሠራተኛ ባንዴ እንዳይነካካት መቆለፊያ አላት። አንደኛው ትራንዛክሽኑን ሲዘጋ ካርዷን ከዝርዝር ያወጣል፣ «ከእንግዲህ የማንም አይደለችም» ብሎ ይጽፋል፣ መቆለፊያውን ይለቃል፤ ከዚያ ራሱ ሊያስወግዳት እጁን ይዘረጋል። በዚህች ቅጽበት ሚሞሪ ለማስለቀቅ የሚዞር ሁለተኛ ሠራተኛ ይደርሳል። ካርዷን ያያታል፤ ባለቤት የላትም። ይጥላታል። ምን አጠፋ? መቆለፊያውን በሥርዓት ይዟል፣ ያነበበውም እውነት ነው! የመጀመሪያው ግን እጁ የሚያርፈው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ከርነሉ ይደናበራል፣ ጆርናሉን የሚዘጋው ሠራተኛ እዚያው ይሞታል፣ ዲስክ ላይ ሊጻፍ የመጣው ሁሉ ከኋላው ወረፋ እንደያዘ ይቀራል።

ይህ እንዲሆን ሁለቱ በዚያች ስንጥቅ ውስጥ መገጣጠም አለባቸው። ለዚህ ነው ፕሮግራመሮች የሚወዷት «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» የምትባል መልስ እዚህ ምንም የማትመዝነው። ሲሠራ የታየበት ቀን ሁሉ ሁለቱ ያልተገናኙበት ቀን ነው።

ስህተቱን በ2011 ያስተካከለው ያን ካራ የሚባል ቼካዊ ፕሮግራመር ነው፤ በኤክስት3ም በኤክስት4ም። ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ መቆለፊያውን ረዘም አድርጎ መያዝ ነው። ግን መቆለፊያ በረዘመ ቁጥር የሚጠብቀው ይበዛል፤ መቆለፊያ በተደራረበ ቁጥር ደግሞ አንዱ የሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ተፋጠው የሚቀሩበት ዕድል ይሰፋል። ካራ የመረጠው መቁጠርን ነው። ትራንዛክሽን ካርዷን ሲይዛት ቆጣሪዋ በአንድ ይጨምራል፣ ሲለቃት በአንድ ይቀንሳል። ዜሮ ሳይደርስ ማንም አይጥላትም። «ባለቤት ያላት ትመስላለች ወይስ አትመስልም?» የሚባል ግምት ቀረ፤ የመጨረሻው ለቃቂ ማን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

እኛ እንዲህ ያለውን ጥገና ከአዲስ ስልክ ምርቃት በላይ እናከብረዋለን። በር ላይ አንድ ቁልፍ መጨመር ለማንም አይከብድም። «ይህ ዕቃ የማን ነው? እስከ መቼ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሕግ ማድረግ ግን የሌላውን ሰው ኮድ በትዕግሥት ማንበብ ይፈልጋል፤ ያውም ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ኮድ።

እዚህ ላይ የተማርንበትን ሙያም ትንሽ እንነካካው። በጋዜጠኝነት ክፍል ዜና ማለት ያልተለመደ ነገር ነው ተብለን ወጥተናል። በዚህ ሚዛን የተሰበረው እንጂ የተጠገነው ዜና አይሆንም። በኦክቶበር 2012 «ኤክስት4 ፋይል ያበላሻል» የሚል ወሬ በቴክኖሎጂ ገጾች ላይ ወጣ። ሲጣራ ነገሩ የታየው ብዙ ሰው በማይጠቀምበት ቅንብር በሚሠራ ማሽን ላይ ነበር። ማጣሪያው እንደ ጩኸቱ አልሮጠም። የ2011ዱ ጥገና ደግሞ በተለመደ ቅንብር ለሚሠራ ማሽን ሁሉ ነበር፤ እሱን በርዕስ ያወጣ ጋዜጣ አላየንም። ፋይላችን ነገም ይገኝ ዘንድ የሚሠራው ሰው ምን እንደሠራ ማወቅ ለአንባቢ አይጠቅምም ያለው ማን ነው?

ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ወዳጆች፣ የከርነሉ የለውጥ ታሪክ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም። ይህንን ጥገና ፈልጉት። ማስታወሻው ላይ ሁለቱ ሠራተኞች ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ተቀምጠዋል፤ ማን መቼ ያዘ፣ ማን መቼ ለቀቀ፣ መስመር በመስመር። ኮድ የማትጽፉም ከላይ ወደ ታች ብታነቡት ካርዷ የቱ ጋ እንደጠፋች በጣታችሁ ታሳያላችሁ።