ስድቡም ቁስል ነው

የእህቴ ልጅ ከቤሩት ከተመለሰች ዓመት ሆናት። በ«ከፋላ» አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለነበር፣ እየተደበደበችም ጥላ መውጣት አልቻለችም።

ለሥነ ልቦና አማካሪዋ ስለ ዱላው ደጋግማ ነግራታለች፤ እንቅልፍ ግን አልመጣላትም። አንድ ቀን አማካሪዋ «ምን ብለው ነበር የሚጠሩሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «አብዴ» አለችና ተንሰቀሰቀች። በዐረብኛ «ባሪያ» ማለት ነው፤ ጥቁር ሰው የሚሰደብበት ቃል። «ዱላው ጠባሳ ሆኖ ቀረ፤ ቃሉ ግን ሰው መሆኔን አስረሳኝ» አለችኝ። ይህን ካወጣች ወዲህ ነው ትንሽ ትንሽ መተኛት የጀመረችው።

እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ያንኑ ቃል በአማርኛ፣ ጠቆር ያለ ልጅ ሲሰደብበት፣ እዚሁ ቤቴ ሰምታ ነው ያደገችው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ከስደት ስትመለስ ምን እንዳደረጓት ብቻ ሳይሆን ምን እንዳሏትም አድምጡ። ቃሉንም ከቤታችን እናውጣው።