«መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታችን በፊት



ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከአልዩ አምባ ወይም ከሸዋ ሮቢት ዐረብ ሀገር የሄደ ሰው የማናውቅ ስንቶቻችን ነን? እህታችን፣ የአክስታችን ልጅ ወይም አብራን የቀራች ጎረቤታችን እዚያ ናት። በኢሞ ስትደውል «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እኛም «መቼ ትልኪያለሽ?» እንላታለን። ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ግን ጠይቀናት አናውቅም።

ጉዞ ከባድ መሆኑን ዲናችን ነግሮናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ የስቃይ ቁራጭ መሆኑን፣ ሰውን ከምግቡ፣ ከመጠጡና ከእንቅልፉ እንደሚከለክለው አስተምረዋል። ጉዳዩን የጨረሰም ቶሎ ወደ ቤተሰቡ እንዲመለስ መክረዋል። ለመንገደኛ ሶላት ያጠረለት፣ ጾም ወደ ሌላ ቀን እንዲያስተላልፍ የተፈቀደለት ለዚህ ነው። የጥቂት ሳምንት መንገድ እንዲህ ከሆነ የሁለትና የሦስት ዓመት ኮንትራት ምን ይባል?

አባቶቻችንም ተጉዘዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ ትልቅ የሙስሊም ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ሲራራ ነጋዴዎች የአፋርን በረሃ አቋርጠው እስከ ታጁራ ወደብ ይወርዱ ነበር። መንገዱ ሐሩርም ሽፍታም ነበረበት፤ ግን በቅፍለት ነበር የሚሄዱት። አንዱ ቢታመም ሌላው ይደግፈዋል፤ አብረው ይሰግዳሉ፣ በቋንቋቸው ያወራሉ። ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉም ታዘዋል።

የዛሬዋ ተጓዥ ግን ብቻዋን ናት። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ከከፋባት እንደልቧ መልቀቅ አትችልም። ብዙዎች ፓስፖርታቸው ይወሰድባቸዋል፤ ስልካቸውን የሚነጠቁ፣ ደመወዝ የሚከለከሉ፣ ሌሊት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚተኙም አሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ የሚያዋየው ያጣ፣ ነገ ምን እንደሚመጣበት የማያውቅ ሰው ቢጨነቅ የኢማን ድክመት አይደለም። በየመን በኩል በባሕር የሚሄዱት ወንድሞቻችንም በደላላ ተይዘው ቤተሰባቸው ገንዘብ እስኪልክ ሲደበደቡ ሰምተናል። ያንን ያየ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላም በር ሲንኳኳ ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

በ2006 ዓ.ል ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ከዚያም በኋላ መመለሱ አልቆመም። አእምሯቸው ተጎድቶ የሚመጡ እህቶችን አዲስ አበባ ላይ ተቀብለው ከሚያስታምሙት አንዱ አጋር ኢትዮጵያ ነው። እኛ ግን በየሰፈራችን የተመለሰችውን «ምን ይዘሽ መጣሽ?» እንላለን። ባዶ እጇን ከመጣች እናዝንባታለን። ብቻዋን ስታወራ ካየናት ደግሞ ቤተሰብ በር ዘግቶ ይደብቃታል፤ «ሰው ከሰማ ማን ያገባታል?» ይባላል።

ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ምክንያት ጂን ወይም ሲህር ነው። ጂንም ሲህርም እንዳሉ እናምናለን፤ ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን ሕመም ሁሉ ከዚያ አይመጣም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረው እንድንታከም አዘዋል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ከሰውነት ሕመም ጎን ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ከነሕክምናቸው ጽፈዋል። የአእምሮ ሕክምና ከውጭ የመጣብን ነገር ነው የምንል ሰዎች ታሪካችንን ረስተናል። እየደበደቡ ወይም በሰንሰለት እያሰሩ «እናድናለን» የሚሉትን ደግሞ ሩቅያ ብለን አንጥራቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ስትደውል ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ የምታዋየው ሰው ስለመኖሩ እንጠይቃት። ማዳሟ አጠገቧ ስላለች ላትናገር ትችላለችና ደጋግመን እንጠይቅ። «ካቃተሽ ነይ፣ ባዶ እጅሽንም ቢሆን ቤትሽ ነው» እንበላት። ይህን ቃል ሳይሰሙ ዓመታት የሚቆዩ አሉ።

ስትመለስ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ድንጋጤው፣ ከሰው መሸሹ ሳምንታት ካለፉት ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት። ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ቁርኣኑም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ። መሞትን የምታነሳ ከሆነ ግን ብቻዋን አንተዋት፤ ቀጠሮ ሳንጠብቅ በዚያው ቀን እንውሰዳት።

የየመስጂዱ ጀማዓ ደግሞ ስለ ዘካው ያስብ። ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች መካከል መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛና ባለዕዳ አሉ። አገሯ ሳትገባ የቀረች፣ የደላላ ዕዳ ተሸክማ የተመለሰች እህት ከእነዚህ ልትቆጠር ትችላለች። ዝርዝሩን ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ፤ ጥያቄውን ማንሳት ግን የእኛ የወጣቶች ድርሻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች ነጃሺ ሲቀበላቸው ምን ይዛችሁ መጣችሁ አላላቸውም፤ በደላቸውን አዳመጠ። እኛ በዚያች ምድር የምንኖር ሙስሊሞች የገዛ እህቶቻችንን ማዳመጥ ሊያቅተን አይገባም። ዛሬ ማታ አንዷ ጋር እንደውልና ስለ እንቅልፏ እንጠይቃት።

አላህ በስደት ያሉትን ይጠብቅልን፣ የታመሙትን ያሽርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም