«ድፈናት» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ሌላውን ከመምከሬ በፊት ከራሴ ልጀምር። በዚህ ዓምድ ስንቱን ስመክር የኖርኩት ሰውዬ ሰሞኑን የገዛ ጓደኛዬን ልጨርሰው ነበር።

ልጁ አዲስ ሙሽራ ነው። ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ከገቡ ገና ሦስት ወራቸው። መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው የ50 ሊትር ቦይለር በበራ ቁጥር ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። እሷ «አሠራው» ትላለች፣ እሱ «የአከራይ ዕቃ ምን አገባኝ» ይላል። በጠብታ ተኳርፈው ያድራሉ እንግዲህ! በመጨረሻ ደወለልኝ። እኔ አዋቂው ታዲያ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ቀዳዳዋን በብሎን ጥርቅም አድርገህ ድፈናት» አልኩት። ደፈናት።

እግዜር ይስጣትና ሚስቱ አላመነችም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውየው ብሎኑን ገና ሲያይ መጀመሪያ መብራቱን አጠፋ። ቀጥሎ «ይሄንን ማነው የመከራችሁ?» አለ። ጓደኛዬ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ቡና ልጠጣ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 75 ሲደርስ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ይሄ ትርፍ የት ይግባ? ወደመጣበት እንዳይመለስ ቼክ ቫልቩ አያሳልፈውም፣ ብረቱ አይለጠጥም። ስለዚህ ሴፍቲ ቫልቯ ትከፈትና ጠብ ታደርገዋለች። ለካስ ስታለቅስ የነበረችው ለኛው ኖሯል! እሷ ተደፍና ቴርሞስታቱም ቢበላሽ፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎ በግፊት እንደታፈነ ይቆያል። ጋኑ የተሰነጠቀ ዕለት ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከ1,000 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ያቺ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ትበቃዋለች?

ጠብታው ላናደደው ሰው መላው ኤክስፓንሽን ታንክ ነው። ትንሽ የብረት ጣሳ ነች፣ ውስጧ በጎማ ለሁለት የተከፈለ፤ ባንድ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ። ያበጠው ውሃ አየሩን ገፋ አድርጎ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። የቤቱ ግፊት 3 ባር አካባቢ፣ ሴፍቲ ቫልቯም የ7 ወይም የ8 ባር ከሆነች፣ ለ50 ሊትር ቦይለር የ5 ሊትር፣ ለ80ው የ8 ሊትር ትበቃለች። በሞተር የምትጠቀሙና ግፊታችሁ ከፍ ያለ ግን ትልቋን ውሰዱ። ትልቅ መግዛት ኪስ እንጂ ቤት አይጎዳም።

ሱቅ ስትገቡ በቀለሟ እንዳትሸወዱ። ለመጠጥ ውሃ የምትሆን መሆኗን ጠይቁ፣ የምትችለውንም ግፊት ከላይዋ ላይ አንብቡ፤ ከሴፍቲ ቫልቯ ማነስ የለበትም። አየሯ ከቤቱ የቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ጋር እኩል ይሁን። መሙያዋ እንደ መኪና ጎማ ስለሆነ ከመገጠሟ በፊት ባዶዋን ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ ማስለካት ትችላላችሁ (ይስቅባችኋል፣ ግድ የለም)። የምትገጠመው በቀዝቃዛው መስመር፣ በሴፍቲ ቫልቯና በቦይለሩ መካከል ነው። ከዓመታት በኋላ የአየር መሙያዋን ነካ ስታደርጉ ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል፣ ትቀየር።

ደግሞ ታንክ ገጠምን ብላችሁ ሴፍቲ ቫልቯን እንዳትነቅሉ! ቦይለሩ ጠፍቶም፣ ቀዝቅዞም ሌት ተቀን የምታፈስ ከሆነ ግን ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ወይ የሚገባው ግፊት በዝቷል፣ ወይ ራሷ ተበላሽታለች።

ሙሽሮቹ ታንኩን የሚገዙት ደመወዝ ሲወጣ ነው። እስከዚያው ብሎኑ ወጥቶ ከሥሯ ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲውን የገዛሁት እኔ ነኝ።